ዱካ የሚተው፣ ዱካ የሚያጠፋ

የእህቴ ልጅ ያለፈውን ክረምት እኛ ቤት ነው ያሳለፈው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ታብሌቱም ባትሪ ጨርሶበታል። የሚሠራው አጥቶ መሳቢያ ሲበረብር፣ ለመጠባበቂያ ያስቀመጥኳትን አሮጌ ኖኪያ አገኘ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጌም አላት?»

እባቧን ከፍቼ ሰጠሁት። ሦስት ጊዜ ከራሷ ጭራ ጋር ተጋጭታ ሞተችበት፤ በአራተኛው እየገባው መጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ድምፁ አልተሰማም። ለካ ያቺ ትንሽዬ መስኮት ዛሬም ልጅ ትይዛለች! በመጨረሻ ቀና ብሎ፣

«ማን ነው የሠራት?» አለኝ።

«ኖኪያ።»

«ኖኪያ ሰው ነው እንዴ?»

ዝም አልኩ። እኔና እኩዮቼ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ወረፋ ስንይዝ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለን ያቺን እባብ እያበላን ስንት ሰዓት እንዳሳለፍን እግዜር ይቁጠረው። ከኋላዋ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን ትዝ አይለኝም። መብራቱ ሲመጣ ፍለጋ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መልስ ቶሎ ተገኘ። በ1997 ፊንላንዳዊው መሐንዲስ ታኔሊ አርማንቶ ለኖኪያ 6110 ስልክ የጻፋት ናት። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን ለልጁ ነገርኩት፤ ደስ አለው፤ ነገሩ በዚያው ባለቀ ነበር። ግን አርማንቶ እባቧን ከባዶ አልፈጠራትም። ከሱ በፊት ብዙ ዓመት በሌሎች ኮምፒዩተሮች ላይ ስትሳብ ኖራለች። ጭራዋን ይዤ ወደ ኋላ ስከተላት 1976 ላይ ደረስኩ፤ ቦታው የካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ፣ ቤቱ ግሬምሊን የሚባል የጨዋታ ማሽን ኩባንያ፣ ሰውዬው ሌን ሃውክ።

ሃውክ በዚያ ዓመት የሠራው ጨዋታ ብሎኬድ ይባላል። ሁለት ሰዎች አንድ ማሽን ፊት ይቆማሉ። እያንዳንዱ አንዲት ቀስት ይነዳል፤ ቀስቷ በሄደችበት ሁሉ ከኋላዋ ግንብ እየተተከለ ይቀራል። መቆም የለም፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። መንገዱ እየጠበበ ይሄድና አንደኛው ከራሱም ሆነ ከባላንጣው ግንብ ጋር ይላተማል። ምግብ የምትለቅመዋ፣ እየበላች የምትረዝመዋ እባብ በኋላ የመጣች ናት፤ የሥጋ ዘመዷ ግን ይቺ ቀስት መሆኗ ሲያዩአት ይታወቃል። ብሎኬድ ገና ከመታየቱ ተፎካካሪዎች ተሻሙበት፤ ሌሎች ኩባንያዎች መሳዩን ይዘው ገበያ ወጡ፣ አታሪም በ1977 ሰራውንድ በሚል ስም ለቤት ውስጥ ማጫወቻው አወጣው። ግሬምሊን የዘራውን ብዙዎች አጨዱ።

ለልጁ «ሌን ሃውክ ነው» ልለው ተነሣሁ። ከመነሣቴ በፊት ግን ሰውዬው ሌላ ምን ሠርቷል ብዬ ጎራ አልኩ፤ ደግ አደረግኩ። ከብሎኬድ ሦስት ዓመት ዝቅ ብሎ አንድ ስም አለ፦ ሄድ ኦን፣ 1979። የመኪና ጨዋታ ነው። አጠገቡ ያለውን መግለጫ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በተከለለ የመንገድ ውስብስብ ውስጥ እየተሳደዱ ነጠብጣብ መልቀም ከሱ እንደሚጀምር ይቆጠራል ይላል።

ነጠብጣብ መልቀም? ውስብስብ መንገድ? አሳዳጅ? ይሄማ ፓክማን ነው። ያ አፉን የሚከፍት ቢጫ ክብ፣ በዓለም ላይ እሱን የማያውቅ ልጅ ቢኖር ጥቂት ነው። እና ከሱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ የእባቧን አያት የሠራው ያው ሰው፣ ነጠብጣቡን ለመኪና አስለቅሞ ነበር። አንድ ሰው የሁለቱንም መነሻ መያዙ አላስቀምጥ አለኝ። ጨዋታውን ራሱን ማየት ነበረብኝ።

የድሮ የሳንቲም ማሽኖችን አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም ኮምፒዩተሬ ላይ ጫንኩና አንድ ሌሊት አብሬው አመሸሁ። ሄድ ኦን ማለት ፊት ለፊት ማለት ነው፤ የትራፊክ ዜና ላይ «ፊት ለፊት ተጋጭተው» ሲባል የምንሰማው ዓይነት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አደባባይ ውስጥ አደባባይ ነው፣ ውስጡም እንደገና ሌላ አደባባይ፤ ልዩነቱ ክብ ሳይሆኑ ባለ አራት ማዕዘን መሆናቸው። ትራኮቹ በግንብ ተለያይተዋል። በላይ፣ በታች፣ በግራና በቀኝ በኩል ግን ክፍተት አለ፤ ከአንዱ ትራክ ወደ ሌላው መሻገር የሚቻለው እነዚህ ክፍተቶች ጋ ሲደረስ ብቻ ነው። መንገዱ ሁሉ በነጠብጣብ ተሞልቷል። መኪናዬ በአንድ አቅጣጫ ትዞራለች፤ ማሽኑ የሚነዳት ሌላ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ትመጣብኛለች። ፍሬን የለም። ያለኝ መሪና አንድ የነዳጅ ቁልፍ ነው። ነጠብጣቡን ሁሉ ጠርጌ ከጨረስኩ መንገዱ እንደ አዲስ ይሞላል፤ ተቃራኒ መኪኖቹ ግን ይበዛሉ።

ይኼው ነው። ጨዋታውን በሙሉ በአንድ አንቀጽ ተናገርኩት። ግን መኪናዋን መንዳት ስጀምር ከሚታየው በታች ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ እሱን ሳልዘረዝር ማለፍ አልፈልግም።

ሁለት መኪኖች በአንድ ዙሪያ ላይ በእኩል ፍጥነት በተቃራኒ አቅጣጫ ቢነዱ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይተላለፋሉ፤ የሚተላለፉትም ሁልጊዜ በዚያው በሁለት ቦታ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ብነዳ የት እንደምንገናኝ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ተቃራኒዋ ደግሞ ክፍተት ጋ በደረሰች ቁጥር ወደኔ ትራክ ለመጠጋት ትሻገራለች። እኔ ክፍተቱ ጋ ቀድሜ ደርሼ ትራክ ከመረጥኩ፣ እሷ የመረጥኩትን አይታ ትከተለኛለች፤ ከዚያ በግንብ መሐል ተያይዘን እንሮጣለን፣ መውጫ የለም። እሷ ቀድማ ከመረጠች ግን እኔ አይቼ አመልጣለሁ። የነዳጁ ቁልፍ ሥራው እዚህ ጋ ነው። ስጫነው መኪናዋ ትፈጥናለች፤ መፍጠኗ ብቻውን ግን ምንም አይደለም። ዋናው ቁም ነገር የመገናኛው ቦታ መቀየሩ ነው። ለአንድ አፍታ ተጭኜ ብለቀው፣ ከግማሽ ዙር በኋላ ማን ቀድሞ ክፍተቱ ጋ እንደሚደርስ ወስኛለሁ። ሁለት ሰዓት ስጫወት ይሄን በጣቴ አወቅኩት፤ በቃል ለማስረዳት ግን ይኸው አንድ አንቀጽ ፈጀብኝ።

ነጠብጣቡ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሄድ ኦን በፊት ጠርጎ መጨረስን ዓላማ ያደረጉ ጨዋታዎች ነበሩ፤ በ1976 ብሬክአውት ግንብን በኳስ ያስፈርስ ነበር፣ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስ የጠፈር ወራሪዎችን በረድፍ አሰልፎ ያስተኩስ ነበር። በውስብስብ መንገድ ውስጥ መሳደድም አዲስ አይደለም፤ አታሪ በ1973 ጎቻ ብሎ ሞክሮታል፣ እኛ አባሮሽ የምንለው ዓይነት ነገር። የመኪና ጨዋታማ ሞልቷል። ሃውክ ያደረገው የሚጠረገውን ነገር ከግድግዳና ከሰማይ አውርዶ መንገዱ ላይ መበተን ነው። በዚህ አንድ ለውጥ መሸሽና መሥራት አንድ ሆኑ። ተጫዋቹ ሲሸሽ ይሠራል፣ ሲሠራም ወደ አደጋ ይቀርባል። ነጠብጣቡ ግብ ነው፣ የቀረውን የሚቆጥር ሒሳብ ነው፣ ደግሞም የት እንደሄድኩና የት እንዳልሄድኩ የሚነግር ካርታ ነው። የተጠረገው መንገድ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ የቀረችው አንዲት ነጠብጣብ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣም ክፉው ማዕዘን ላይ ናት።

ያኔ ነው ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ያየኋቸው። በ1976 ሃውክ የነደፋት ቀስት በሄደችበት ሁሉ ዱካ ትተዋለች፤ ያ ዱካ ነው የሚገድላት። በ1979 የነደፈው መኪና በሄደበት ሁሉ ዱካ ያጠፋል፤ ያ ማጥፋት ነው የሚያሸንፍለት። አንዱ ስክሪን ባዶ ሆኖ ይጀምርና እስኪሞላ ይጫወቱበታል፤ ሌላው ሞልቶ ይጀምርና ባዶ እስኪሆን ይጫወቱበታል። ሁለቱም ላይ መቆም አይቻልም። አንድ ጃኬት ገልብጦ እንደመልበስ ነው፤ ሰፊው ግን ያው ሰው ነው። በዚያች ሌሊት ካገኘሁት ሁሉ ይቺን ነው አብልጬ የወደድኳት።

ሄድ ኦን ሲወጣ ግሬምሊን በ1978 ሴጋ በሚባል ኩባንያ ተገዝቶ ስለነበር ማሽኑ ላይ የሁለቱም ስም አለ። ሴጋ ጃፓን ውስጥ ገበያ ነበረውና ጨዋታው ሳንዲያጎ ተወልዶ ጃፓን ሄዶ ገነነ። እዚያም እንደ ብሎኬድ ጊዜ ቅጂው ተከተለ፤ ታይቶ የሚባል ኩባንያ በዚያው ዓመት ስፔስ ቼዘር ብሎ ጠፈር ውስጥ አስገባው። አሜሪካ ውስጥ አታሪ በ1980 ዶጅ ኤም የሚል ስም ሰጥቶ ለቤት ማጫወቻው አወጣው። ዶጅ ኤምን የጻፈችው ካርላ ሜኒንስኪ ናት፤ በዚያ ዘመን አታሪ ውስጥ ጨዋታ ከሚጽፉት እጅግ ጥቂት ሴቶች አንዷ። የዚያ ማጫወቻ የሥራ ማህደረ ትውስታ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ ከዚህ አንቀጽ መጀመሪያ ጥቂት ቃላትን ቢይዝ ነው። በዚያ ላይ መኪኖቹን፣ ትራኮቹንና ነጠብጣቡን ሁሉ አስቀመጠችው። ሰው በጠባብ ቤት እንግዳ ሲያስተናግድ ሳይ የሚሰማኝ ዓይነት አክብሮት ተሰማኝ።

ከዚያ ቶኪዮ። ናምኮ በሚባል የጨዋታ ኩባንያ ውስጥ በ1977 የተቀጠረ ቶሩ ኢዋታኒ የሚባል ወጣት ነበር። የጨዋታ ቤቶቹ በተኩስ ጨዋታ ተሞልተው፣ ደንበኞቹም ወንዶች ብቻ መሆናቸው ከነክኖት ሴቶችና ጥንዶች የሚመጡበት ጨዋታ መሥራት ፈለገ። ለጨዋታው መሠረት የመረጠው ቃል «መብላት» ነው። ይሄን ታሪክ ብዙ ሰው ሰምቶታል። ግንቦት 1980 ሺቡያ ሰፈር ለሙከራ የቀረበው ፓክማን 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነጠብጣቦች ነበሩት፤ አራት መናፍስትም ነበሩበት። ኢዋታኒ ራሱ እንደተናገረው መብላት ብቻውን ጨዋታ አይወጣውም ነበር፤ ለዚህ ነው አሳዳጆቹ የመጡት። ነጠብጣቡ በመንገድ ላይ፣ ተጫዋቹ ለቃሚ፣ ጠርጎ ሲጨርስ መንገዱ እንደገና የሚሞላ፣ ተቃራኒው ከመንገዱ የማይወጣ፤ ይሄ ሁሉ በጃፓን የጨዋታ ቤቶች ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ መኪና ሆኖ ሲዞር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ኢዋታኒ የጨመረው ቀላል አይደለም፤ ሄድ ኦንን ከተጫወትኩ በኋላ እንዲያውም አከበርኩት። ጃፓናዊው ከመኪና ፍጡር አወጣ። ፓክማን እንደ መኪናው በግድ ወደፊት አይነዳም፤ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ግንብ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሲበላ ትንሽ ይዘገያል፣ በባዶ መንገድ ሲሄድ ይፈጥናል። አራቱ መናፍስት ደግሞ እያንዳንዳቸው ጠባይ አላቸው፦ ቀዩ ፓክማን ያለበትን ቦታ ያነጣጥራል፤ ሮዛው ከፊቱ አራት እርምጃ ቀድሞ ሊጠብቀው ይሞክራል፤ ሰማያዊው የቀዩን ቦታ ከፓክማን ቦታ ጋር አገናኝቶ ያሰላል፤ ብርቱካናማው ሲርቅ ያሳድዳል፣ ስምንት እርምጃ ያህል ሲቀርብ ደግሞ ወደ ማዕዘኑ ይመለሳል። በየመሐሉም ማሳደዱን ለጥቂት ሴኮንዶች ትተው ይበተናሉ፤ ተጫዋቹ እፎይ እንዲል።

ግን የመናፍስቱን አነዳድ ቀረብ ብዬ ሳይ አንድ የማውቀው ነገር አየሁ። መናፍስቱ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ኋላ አይዞሩም። መስቀለኛ መንገድ ጋ ሲደርሱ ብቻ ይወስናሉ፤ ከወሰኑ በኋላ እስከ ቀጣዩ መስቀለኛ ድረስ ይነዳሉ። ወደ ኋላ የሚዞሩት ከማሳደድ ወደ መበተን ወይም ከመበተን ወደ ማሳደድ ሲለወጡ፣ በተጨማሪም ፓክማን ትልቁን ነጠብጣብ ውጦ ሲያስደነግጣቸው ነው። ይሄ የመንፈስ ጠባይ አይደለም፤ መንፈስማ ግድግዳ ያልፋል። ይሄ የመኪና ጠባይ ነው። ፓክማን እግር አውጥቶ ከመኪናው ወርዷል፤ አሳዳጆቹ ግን አሁንም መሪ ይዘው ተቀምጠዋል። ለልጁ ይሄን ሳሳየው «ታዲያ ሾፌሮች ናቸዋ!» ብሎ ጮኸ፤ ከሱ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ናምኮ መኪናውን አልረሳውም። በዚያው በ1980 መጨረሻ ራሊ ኤክስን አወጣ፤ ይሄኛው የሄድ ኦን ልጅ መሆኑን ለመደበቅ እንኳ አይሞክርም። ሰማያዊ መኪና አለች፣ የሚያሳድዷት ቀያይ መኪኖች አሉ፤ ነጠብጣቡ በዐሥር ባንዲራ ተተክቷል። አዲሱ ነገር ከተማው ከስክሪኑ መስፋቱ ነው፤ መኪናዋ ስትሄድ መንገዱ ይንሸራተታል፣ ጠርዝ ላይ ያለ ራዳር ባንዲራዎቹ የት እንዳሉ ያሳያል። ጭንቅ ሲሆን ከኋላ ጭስ ለቅቆ አሳዳጅን ማሳወር ይቻላል፤ ጭሱ ግን ነዳጅ ይበላል። የሚሰፋ ከተማ፣ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ካርታ፣ የሚያሳድዱ መኪኖች። ዛሬ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ይቺን ካርታ ያውቃታል።

ያቺ ካርታ ናት ወደ ደንዲ የወሰደችኝ። ደንዲ የስኮትላንድ ከተማ ናት፤ ዲ ኤም ኤ ዲዛይን የሚባል ቡድን በ1997 ግራንድ ቴፍት አውቶን (ጂ ቲ ኤን) እዚያ ነው የሠራው። የመጀመሪያው ጂ ቲ ኤ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ከተማው ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው፣ ልክ እንደ ሄድ ኦን። ሲነደፍ ስሙ ሬስ ኤንድ ቼዝ ነበር፤ ተጫዋቹ ፖሊስ ሆኖ ሌባ ማሳደድም ይችል ነበር። ሠሪዎቹ ሲሞክሩት ግን ፖሊስነቱ አላዝናና አላቸው። ሌባና ፖሊስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይሄን ያለ ጥናት ያውቀዋል፤ እኛ ሰፈር ፖሊስ ለመሆን በዕጣ ካልሆነ በቀር እሺ የሚል አልነበረም። ጨዋታው ወደ ሌባው ዞረ፣ ዓለምንም አዳረሰ። ከሠሪዎቹ መካከል የጨዋታው መነሻ ፓክማን መሆኑን የተናገረ አለ፤ ነጠብጣቦቹ እግረኞቹ፣ መናፍስቱ ፖሊሶቹ፣ ቢጫው ክብ ደግሞ መኪናው እንደሆኑ።

ይሄን ሳነብ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ደንዲ ያሉት ልጆች ከፓክማን መኪና ሠሩ። ፓክማን ራሱ ከመንገድ፣ ከነጠብጣብና ከአሳዳጅ ሲሠራ፣ ያ መንገድ ደግሞ መጀመሪያውኑ የመኪና ነበር። መኪናው ሳንዲያጎ ተነሥቶ፣ ቶኪዮ ላይ አፍ አውጥቶ ፍጡር ሆኖ፣ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ ላይ እንደገና ጎማ አበቀለ።

በማግሥቱ ልጁን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀምጬ ሄድ ኦንን ከፈትኩለት። «ይሄ ሰውዬ ነው የእባቧን አያት የሠራው» አልኩት። ስሙን አስደገመኝ፤ «ሌን ሃውክ፣ ሌን ሃውክ» እያለ መንዳት ጀመረ። ከኔ በጣም ይሻላል፤ የነዳጁን ቁልፍ ምስጢር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንም ሳይነግረው አገኘው። ቡና ለማፍላት ወጣ ብዬ ስመለስ መንገዱን በሙሉ ጠርጓል፤ አንዲት ነጠብጣብ ብቻ ውጪኛው ትራክ ላይ ቀርታለች። እሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይዞራል፣ ክፍተቱ ጋ ይሻገራል፣ ተቃራኒዋን ያመልጣል፣ እንደገና ይዞራል።

«ለምን አትበላትም?» አልኩት።

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «ከበላኋትማ ሌላ መኪና ይመጣል» አለኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።